የየቲሞች መዝገብ ለምን ይህን ሁሉ ይጠይቃል? ስለ መዝገብ ዓይነቶችና ስለ ባሕርያቸው





አንድ ሰው የቲምን ለመደገፍ ነይቶ ቅጽ ሲሞላ፣ አንዲት እናትም ልጆቿን ልታስመዘግብ ስትመጣ፣ የጥያቄው ብዛት ያስገርማቸዋል። የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፤ አባት መቼ ሞተ፤ ቀኑ የተነገረው በየትኛው አቆጣጠር ነው፤ የሚሰጠው ገንዘብ ዘካ ነው ወይስ ሰደቃ። «ልጁ የቲም መሆኑ ከታወቀ ሌላው ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ሰው ጥያቄው ተገቢ ነውና ተገቢ መልስ ሊሰጠው ይገባል። መልሱም የሚገኘው ከቅጹ በስተጀርባ፣ ኮምፒዩተሩ መረጃውን በሚይዝበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ሥርዓት፣ በተለይም የመዝገብ «ባሕርይ» የሚባለውን ነገር፣ የኮምፒዩተር ትምህርት ላልተማረ አንባቢ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የአንዲት ልጅ የወር ድጋፍ በአንድ የተሳሳተ ባሕርይ ምክንያት ሊቋረጥ እንደሚችል ከዚህ በታች እናያለን።

ሁለት ኮምፒዩተሮች የሚግባቡበት ውል

ቀድሞ መዝገብ ማለት ደብተር ነበር። የሚጽፈውም የሚያነበውም አንድ ሰው ስለሆነ፣ በኅዳጉ ላይ «ይህች ልጅ ያለችው አክስቷ ዘንድ ነው» ብሎ ቢያሰፍር ይበቃው ነበር። ዛሬ መረጃው በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀርም። ልጆቹ ደሴ ወይም ጅማ ይመዘገባሉ፤ መዝገቡ አዲስ አበባ ይቀመጣል፤ ደጋፊው ጅዳ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ በስልኩ ይመለከተዋል። እነዚህን የሚያገናኘው «ዌብ ሰርቪስ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም አንድ ኮምፒዩተር በኢንተርኔት አማካይነት ሌላውን ኮምፒዩተር ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት አገልግሎት ነው። ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ያልገባውን «ምን ማለትህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን የተሰጠውን እንደተሰጠው ይቀበላል፤ አለዚያም አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ምን ምን ዓይነት መዝገብ እንዳለና እያንዳንዱ ምን ምን እንደሚይዝ ሁለቱ ወገኖች አስቀድመው በጽሑፍ ሊስማሙበት ይገባል።

መረጃ የሚያዝለት ነገር በሙያው ቋንቋ «ኢንቲቲ» ይባላል። የዚያን ነገር ወገን እኛ በዚህ ጽሑፍ «የመዝገብ ዓይነት» እንለዋለን። ልጅ አንድ የመዝገብ ዓይነት ነው፤ አሳዳጊ ሌላ ነው፤ ደጋፊም፣ ክፍያም እንደዚሁ። ስለ አንድ የመዝገብ ዓይነት የምንይዘው እያንዳንዱ ነገር፣ ማለትም ስም፣ ፆታ፣ የልደት ቀን፣ የትምህርት ክፍል፣ «ባሕርይ» ይባላል። ነገሮችን በዓይነታቸው፣ ዓይነቶቹን በባሕርያታቸው፣ በመካከላቸው ያለውንም በግንኙነት የመግለጽ ስልት በሰፊው የታወቀው ፒተር ቼን የተባለ ምሁር በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ነው። ለዌብ ሰርቪስ ከተዘጋጁት ሥርዓቶች አንዱ ደግሞ «ኦዳታ» የሚባለው ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት በ2007 እ.ኤ.አ. የጀመረውና አራተኛው እትሙ በ2014 እ.ኤ.አ. ኦኤሲስ በተባለው የደረጃ አውጪ ድርጅት የጸደቀ ነው። በዚህ ሥርዓት አገልግሎቱ ስለ ራሱ የሚናገር መግለጫ ሰነድ አለው። በሰነዱም ላይ የእያንዳንዱ ባሕርይ ስም፣ ዓይነቱ (ጽሑፍ ነው፣ ቀን ነው፣ ቁጥር ነው)፣ ልኩ፣ ባዶ ሊተው ይችል እንደሆነም ተጽፎ ይገኛል።

ይህን ያህል ጥንቃቄ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ ስለ ዕዳ ሲደነገግ ዕዳው እንዲጻፍ፣ ጊዜው እንዲወሰን፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ቃሉን የሚሰጠውም ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክርም እንዲቆም ታዟል። ጸሐፊው ከራሱ አውጥቶ አይጽፍም፤ ቃሉ የማን እንደሆነ የታወቀ ነው። በጥሩ መዝገብ ውስጥ «ይህን የነገረን ማን ነው?» የሚል ባሕርይ የሚገባውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባሕርዩ የማን ነው?

መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጣው «ምን ልጠይቅ?» የሚለው ነው። ከዚያ የሚቀድመው ጥያቄ ግን «ይህ ባሕርይ የማን ነው?» የሚል ነው። የልጁን ስም፣ የእናቱን ስልክ፣ የደጋፊውን ስምና የወሩን ገንዘብ በአንድ ረድፍ መደርደር ቀላል ይመስላል። ሦስት ወንድማማቾች ያሏት እናት ስትመጣ ግን ስልኳ በሦስት ቦታ ይጻፋል። ከዓመት በኋላ ስልኳን ስትቀይር በአንዱ ልጅ መዝገብ ላይ ይታረምና በሁለቱ ላይ የቀድሞው ይቀራል። የክፍያው መልእክትም ቁጥሩን በኋላ ለያዘው ለማይታወቅ ሰው ይደርሳል። ስልኩ የልጁ ባሕርይ አልነበረም፤ የአሳዳጊዋ ነበር። ልጁ የሚይዘው ወደ አሳዳጊዋ መዝገብ የሚያመለክት አገናኝ ብቻ ነው፤ ኦዳታም እንዲህ ላለው አገናኝ ከሌሎች ባሕርያት የተለየ ስምና ሥርዓት ሰጥቶታል።

በደጋፊው ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። «ደጋፊ» የልጁ አንድ ባሕርይ ተደርጎ ቢያዝ፣ ልጁ ከአንድ በላይ ደጋፊ ሊኖረው አይችልም። ሁለት ጓደኛሞች ግማሽ ግማሹን ሊሸፍኑ ሲመጡ ጸሐፊው የአንዱን ስም ይጽፍና የሌላውን በቃል ይይዛል። ደጋፊው አቅም አንሶት ሲያቆምና ሌላ ሲተካም አዲሱ ስም በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ሰው ለአራት ዓመት ያወጣው ገንዘብ የማን እንደነበር ከመዝገቡ ይጠፋል። ያ ሰው ቢሞትና ወራሾቹ «አባታችን የገባው ቃል እስከ የት ደርሷል?» ብለው ቢጠይቁ የሚመልስላቸው ወረቀት የለም። መፍትሔው ድጋፉን ራሱን፣ ማለትም ከፋላውን፣ ለብቻው የመዝገብ ዓይነት ማድረግ ነው። ባሕርያቱም የትኛው ልጅ፣ የትኛው ደጋፊ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እስከ መቼ፣ በወር ስንት፣ ያቆመበት ምክንያት የሚሉ ናቸው። አንዱ ድጋፍ ሲያልቅ የማብቂያ ቀን ይጻፍበታል እንጂ አይፋቅም። በዚህ ሥርዓት ለአንድ ልጅ ሁለት ደጋፊ፣ ለአንድ ደጋፊም አምስት ልጅ ቢኖር ምንም አይደናገርም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህን እንዲሆን እንመርጣለን፤ አማና የሚጠበቅበት ወይም የሚጠፋበት ዋናው ቦታ ይህ ነውና።

እያንዳንዱ መዝገብ ከሌላው የሚለይበት «ቁልፍ» የሚባል ባሕርይም አለው። ቁልፍ ባዶ ሊሆን አይችልም፤ አይለወጥም፤ ልጁ ከድጋፍ ቢወጣም ለሌላ ልጅ አይሰጥም። ስም ቁልፍ አይሆንም፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስማቸው እስከ አያት የሚገጥም ልጆች አሉና። ስልክም አይሆንም። የፋይዳ ቁጥር ጠቃሚ ባሕርይ ቢሆንም ገና ያልወሰደ ብዙ ልጅ ስላለ ቁልፍ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ማኅበሩ ከራሱ አውጥቶ የሚሰጠው፣ ምንም ትርጉም የሌለው ተራ ቁጥር ይሻላል።

«የቲም ነውን? አዎ ወይም አይደለም»

በየቲሞች መዝገብ ውስጥ ከሁሉ ቀላል የሚመስለው ባሕርይ ይህ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳስተውም ይኸው ነው። በሸሪዓ የቲም የሚባለው ለአካለ መጠን ሳይደርስ አባቱ የሞተበት ልጅ ነው። እናቱ ሞታ አባቱ በሕይወት ያለ ልጅ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም በሸሪዓ ቋንቋ የቲም አይባልም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ ግን ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ከወላጆቹ አንዱን ወይም ሁለቱን ያጣ ልጅን በዚህ ስም ይቆጥራል። እንግዲህ አንዱ ኮምፒዩተር «አዎ» ብሎ ሲልክ ሌላው «አዎ» ብሎ ይቀበላል። በመካከላቸው ምንም ስሕተት አልታየም፤ የላኩትና የተቀበሉት ግን ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የየቲምን ከፋላ ነይቶ የሰጠ ሰው ገንዘቡ ሌላ ችግረኛ ልጅ ዘንድ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ አይገባውም ማለታችን አይደለም፤ ሰጪው ሳያውቅና ሳይጠየቅ መሆኑ ነው ችግሩ።

ስለዚህ መዝገቡ ፍርዱን ሳይሆን ፍርዱ የቆመበትን ነገር መያዝ አለበት፦ አባት በምን ሁኔታ ላይ ነው፤ ሞቶ ከሆነ መቼ፤ እናትስ? ከእነዚህ ተነሥቶ በሸሪዓው ትርጉም የቲም የሆነውን፣ በሌላውም ትርጉም የሚቆጠረውን መለየት ለኮምፒዩተሩ ቀላል ነው።

የአባት ሁኔታም «በሕይወት አለ» እና «ሞቷል» የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ብቻ ሊኖሩት አይገባም። በስደት መንገድ ላይ ወይም በጦርነት ጊዜ ወጥቶ ወሬው የጠፋ አባት አለ። ፉቀሃዎች «መፍቁድ» ይሉታል፤ ቃዲ ካልፈረደ በስተቀር እንደ ሞተ አይቆጠርም። ሁለት ምርጫ ብቻ ባለው ቅጽ ፊት የተቀመጠ መዝጋቢ አንዱን ለመምረጥ ይገደዳል፤ የትኛውንም ቢመርጥ ያላወቀውን መስክሯል። «ሞቷል» ብሎ የጻፈው ወረቀት ነገ ሌላ ቢሮ ቢደርስ የሚስቲቱን ዒዳና የቤተሰቡን ውርስ የሚነካ ነገር ይሆናል። ሦስተኛ ምርጫ፣ «የት እንዳለ አይታወቅም» የሚል፣ መጨመር የአንድ መስመር ሥራ ነው። የነዚህም ልጆች ድጋፍ በሌላ ስም ይቀጥላል።

ዕድሜን በተመለከተ አጭር ሕግ አለ፦ ዕድሜ አይመዘገብም፤ የልደት ቀን ይመዘገባል፤ ዕድሜው ከእርሱ ይሰላል። «9 ዓመት» ተብሎ የተጻፈ ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላም 9 ዓመት ሆኖ ይቆያልና።

የቲምነት የሚያበቃበትና ድጋፍ የሚያበቃበት ጊዜም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቲምነት በቡሉግ ያበቃል። ምልክቱ ካልታየ በሻፍዒዮች ዘንድ 15 ዓመት ሲሞላ ነው፤ ዓመቱም የሚቆጠረው በሒጅራ ነው። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ፣ 15 የሒጅራ ዓመት የሚሞላው 15 የፀሐይ ዓመት ከመሙላቱ ከአምስት ወር በላይ ቀድሞ ነው። በአገራችን የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ደግሞ አካለ መጠን 18 ዓመት ነው። ማኅበሩ ድጋፉን እስከ 18 ዓመት ወይም ትምህርት እስኪጨርስ ሊያዘልቅ ይችላል። ያ ግን የከፋላው መዝገብ ባሕርይ ሆኖ ለደጋፊው በግልጽ ሊታየው ይገባል እንጂ «የቲም» በሚለው ቃል ውስጥ ሊደበቅ አይገባም። የቡሉግ ምልክትን ለብቻው ባሕርይ አድርጎ መጠየቅ ግን በምንም መንገድ አያስፈልግም፤ የልጅን ገመና መዝገብ ላይ ማስፈር ነው።

የልደት ቀን

በዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች «ቀን» የሚባለው የባሕርይ ዓይነት የተዘጋጀው ለጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱ 12 ወር ብቻ አለው። በእኛ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደ ልጅ በ13ኛው ወር ሲጻፍ ኮምፒዩተሩ አልቀበልም ይላል። ይህ መልካም ነው፤ ስሕተቱ እዚያው ስለታየ ይታረማል። አስቸጋሪው ያለ ተቃውሞ የሚቀበለው ነው።

ሰኔ 5 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደች አንዲት ልጅ እንውሰድ። እናቷ የምትለው ይህንኑ ነው፤ መዝጋቢው በቁጥር 5/10/2010 ብሎ ይጽፋል። የእናቲቱ ቃልም ሆነ የመዝጋቢው ቁጥር ስሕተት የለበትም። ኮምፒዩተሩ ግን ኦክቶበር 5 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ብሎ ያነበዋል፤ ትክክለኛው ቀን ጁን 12 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ነበር። ልጅቱ በወረቀት ላይ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀች። ይህን ቀን የያዘ መዝገብ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ላይ «15 ዓመት ሞልቷታል» ይላል፤ ልጅቱ በዚያ ቀን ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ድጋፉ በ15 ዓመት እንዲቆም የታዘዘ ሥርዓት ቢሆን፣ ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳያውቅ፣ ድጋፏ በዚያ ቀን ይቆማል። ዋሽንግተን ያለው ደጋፊ «ልጅዎ ለአካለ መጠን ደርሳለች፣ ጀዛኩሙላሁ ኸይረን» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል። እናት ደግሞ ባንክ ቤት ሄዳ ገንዘብ አልገባም ተብላ ትመለሳለች።

እንዲህ ያለውን የሚከለክለው የልደት ቀንን በአንድ ባሕርይ ሳይሆን በሦስት መያዝ ነው። አንደኛው እንደተነገረ የተጻፈው ቀን ነው፤ ዓይነቱም ጽሑፍ ነው። ሁለተኛው አቆጣጠሩ ነው፦ የኢትዮጵያ፣ የሒጅራ ወይም የጎርጎርዮስ። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሁለቱ ያሰላው ቀን ነው፤ ይህን ሰው በእጁ አይጽፈውም። ሁለተኛው ባሕርይ ባዶ ከሆነ መዝገቡ አይጸድቅም። ቅጹ ላይ «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚለው ጥያቄ እናንተን ለማሰልቸት አልተጨመረም።

የልደት ቀኑ ጨርሶ የማይታወቅ ልጅም አለ። «በዚያ ዓመት፣ ከረመዳን በኋላ» ትላለች አያቱ፤ ይህም በቂ ዕውቀት ነው። ሙሉ ቀን ካልተጻፈ አላልፍም የሚል ቅጽ ግን መዝጋቢውን መስከረም 1 ብሎ እንዲጽፍ ያስገድደዋል። ከጊዜ በኋላ የመዝገቡ ግማሽ በዘመን መለወጫ የተወለደ ሆኖ ይገኛል፤ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ግምት እንደሆነ የሚለይም የለም። «ቀኑ የታወቀው እስከ ምን ድረስ ነው?» የሚል ባሕርይ፣ እስከ ቀኑ፣ እስከ ወሩ፣ እስከ ዓመቱ ወይም በግምት ከሚሉ ምርጫዎች ጋር፣ ቢጨመር ይህ ሁሉ አይደርስም።

ስም

የውጭ አገር ቅጾች የሰውን ስም «የራስ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለው ይከፍሉታል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፤ የልጅ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። የአያት ስም «የቤተሰብ ስም» በሚለው ቦታ ሲገባ አባት ከመዝገቡ ይወጣል፤ በየቲም መዝገብ ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው የአባት ስም ነው። በሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ የታዘዘ በመሆኑ፣ አጎትም ሆነ የእንጀራ አባት የሚያሳድገው ልጅ በአሳዳጊው ስም አይጠራም። የአሳዳጊው ስም ቦታው በአሳዳጊው መዝገብ ነው፤ ዝምድናውም እዚያው ይገለጻል። እናትም በእኛ አገር የባሏን ስም ስለማትወስድ፣ የእናትና የልጅ ስም አለመግጠም ውጭ አገር ላለ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። በመግለጫ ሰነዱ ላይ ሦስቱ ስሞች በየስማቸው ተለይተው ከተጻፉ ግን ጥያቄው አይነሣም።

አጻጻፉም ሌላ ጣጣ አለው። ሙሐመድ፣ ሙሀመድ፣ መሐመድ፣ ሞሐመድ ብለን የምንጽፈው አንድ ስም ነው፤ ዐብዱና አብዱም እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ ለየብቻቸው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ ስለዚህ ለጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒዩተር ሦስት ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ ከዚህም ይበዛል። ስለዚህ ስሙ በአማርኛ እንደ ቤተሰቡ አጻጻፍ፣ በላቲን ደግሞ በባንክ ደብተሩ ወይም በፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ ሁለቱም ለየብቻ ባሕርይ ሆነው ይያዛሉ።

ስልክ ቁጥር «ቁጥር» ቢባልም በመዝገብ ውስጥ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥር ከተባለ ከፊት ያለው 0 ይጠፋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥርም እንደዚሁ ነው።

ገንዘብ

«500» የሚል ባሕርይ ብቻውን ምንም አይናገርም። ብር ነው? ሪያል ነው? ዶላር ነው? መጠኑና የገንዘቡ ዓይነት ሁለት ባሕርያት ናቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሊጻፍ አይገባም። ወደ ውጭ ምንዛሪ ስንመጣ ደግሞ ሁለቱም አይበቁም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በወር 30 ዶላር የሚልክ ደጋፊ መዝገብ ላይ «30 ዶላር» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ልጁ ዘንድ 1,700 ብር ደረሰ ወይስ ከ3,000 ብር በላይ የሚለውን መዝገቡ አይነግረንም። ስለዚህ የክፍያ መዝገብ የተላከውን መጠን፣ ገንዘቡ የምን አገር እንደሆነ፣ የዕለቱን ምንዛሪ፣ በብር ለአሳዳጊው የደረሰውንና የደረሰበትን ቀን ይይዛል። የገንዘብ ዓይነቱም አስርዮሹ በትክክል የሚቆጠርበት መሆን አለበት። ኮምፒዩተር ለሳይንስ ስሌት የሚጠቀምበት የቁጥር ዓይነት አንድ አሥረኛን እንኳ በትክክል መያዝ ስለማይችል ብዙ ሺህ ክፍያ ሲደመር ሳንቲሙ ይዛነፋል።

ዘካና ሰደቃን የሚለየው ባሕርይ የደጋፊው አይደለም፤ የክፍያው ነው። አንድ ሰው በረመዳን ዘካውን፣ በሌላው ወር ሰደቃውን ሊሰጥ ይችላል። ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ተለይተዋል፤ የቲም በየቲምነቱ ብቻ ከነዚህ አንዱ አይደለም፤ የሚገባው ድሃ ወይም ሚስኪን በመሆኑ ነው። አባቱ ሀብት ትቶለት የሞተ የቲምም አለና መዝገቡ የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ ካልያዘ ዘካውን ለማን መስጠት እንደሚቻል የሚለይበት መንገድ የለም። ለዚህ ባሕርይ ነፃ ጽሑፍ ሳይሆን የተወሰነ ምርጫ ይሻላል፦ ዘካ፣ ሰደቃ፣ ከፋላ፣ ከወቅፍ ገቢ። መዝጋቢው እንደፈለገ የሚጽፍ ከሆነ አንዱ «ዘካ»፣ ሌላው «ዘካት»፣ ሦስተኛው «የዘካ ገንዘብ» ይላል፤ ኮምፒዩተሩም ሦስት ዓይነት አድርጎ ይደምራል።

የማይጠየቀውና ባዶ የሚተወው

ባሕርይ መጨመር ቀላል ስለሆነ «ለምናልባቱ» ተብሎ የሚጨመር ብዙ ነው፦ አባት በምን ሕመም ሞተ፣ እናት ዳግም ልታገባ ታስባለች ወይ፣ ጎረቤት ምን ይላል። እንዲህ ያለው ለድጋፉ ካላገለገለ ከመግለጫ ሰነዱ ይውጣ። ያልተጠየቀ ነገር አይሰረቅም፤ በስሕተትም አይላክም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለሰበሰበ ሁሉ ኃላፊነት ጥሏል፤ ከአዋጁም በፊት ቢሆን የሰው ገመና መሸፈን በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። አገልግሎቱ ለጠየቀው ሁሉ ሁሉንም ባሕርይ መስጠትም የለበትም። ደጋፊው የልጁን የራስ ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ክፍልና የክፍያውን ደረሰኝ ቢያይ ይበቃዋል። ቀበሌውን፣ የአሳዳጊዋን ስልክና የጤና ሁኔታውን የሚያየው ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ብቻ ነው። የልጁ ፎቶግራፍ ይታይ ወይም አይታይ የሚለው አሳዳጊው የሚወስነው ሆኖ፣ ፈቃዱና ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን ራሳቸው ባሕርይ ሆነው ይመዘገባሉ፤ ፈቃድ ሲነሣም የተነሣበት ቀን ይጻፋል።

የቀረው ስለ ባዶ ቦታ ነው። በኦዳታ ሥርዓት አንድ ባሕርይ ባዶ ሊሆን እንደማይችል በሰነዱ ካልተገለጸ በቀር ባዶ ሊተው ይችላል። ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም፤ «የወር ገቢ 0» ማለት ተጠይቃ ምንም የለኝም ብላለች ማለት ነው፣ ባዶ ማለት ግን አልታወቀም ማለት ነው። ሁሉንም ባሕርይ የግዴታ ያደረገ ቅጽ ሰውን ያላወቀውን እንዲሞላ ያደርገዋል፤ ሁሉንም በፈቃድ ያደረገ ደግሞ ለክፍያ የማይበቃ መዝገብ ይሰበስባል። በእኛ አስተያየት የግዴታ ሊሆኑ የሚገባቸው ጥቂት ናቸው፦ ቁልፉ፣ የልጁና የአባቱ ስም፣ የአባት ሁኔታ፣ የአሳዳጊው አገናኝ፣ ቀን በተጻፈበት ሁሉ ደግሞ አቆጣጠሩ። ሌላው ሲታወቅ ይሞላል።

አሳዳጊ ቤተሰቦች ሆይ፣ መዝጋቢው ቅጹን ሞልቶ ሲጨርስ መልሶ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ በተለይ የልደት ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፣ የአባትን ስም፣ የስልክ ቁጥራችሁንም። የማታውቁትን ከጠየቃችሁ «አላውቅም» በሉት፤ ቦታውን ባዶ ይተወዋል።